የጥሬዎች ሰሜን

«ለክቡራንና ክቡራት የላይ እርከን ነዋሪዎች በሙሉ! ሰሜናችን ትናንት በነበረበት ይገኛል!»

በኖራ ገደል ከተማ ይህ ማስታወቂያ በየማለዳው በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ሰሜን ከቦታው ንቅንቅ ብሎ የተገኘበት ማለዳ እስካሁን የለም። ቢሆንም የላይ እርከን ሰው ከየቤቱ ይወጣል፤ ፊቱን ወደ ሰሜኑ ያዞራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚያሰጋ ነገር አለመኖሩን እስኪሰማ ድረስ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ሲሰማ በረጅሙ ይተነፍስና ወደ ቁርሱ ይመለሳል።

አንባቢው ቢልልኝ ነው። የሹመት ስሙ «ሰሜን አብሳሪ» ይባላል። የታች እርከን ሰዎች አንዲት ፊደል ለውጠው «ሰሜን አብሳይ» ይሉታል። በኖራ ገደል የሰውን ስም ከማብሰል ጋር አያይዞ መጥራት እናቱን አንሥቶ ከመስደብ አያንስም። ስለዚህ ቢልልኝ የታች እርከንን ሰው በሙሉ፣ ከነሕፃናቱ፣ ይንቃል። ሌላው ሰው ጥርሱን እንደሚንከባከብ እሱ ንቀቱን ይንከባከባል፤ ጠዋትና ማታ።

ነገሩ የተጀመረው በውኃ ነው። ደጋው ሲደርቅ ሕዝቡ ምንጭ ፍለጋ ወደ ገደሉ ወረደና ነጩን ድንጋይ እየቦረቦረ ቤት ሠራ። ምንጩ ያለው በላይኛው እርከን ነበር። አጠገቡ ማን ይኑር የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ እንደተለመደው፣ «ነባሩ ማነው? መጤው ማነው?» ተባለ። ሁሉም አያቱን ቆጠረ። አያት አለቀ። ቅድመ አያት መጣ፤ እሱም አለቀ። ሰነድ መጣ፤ ሰነዱ ከሕዝቡ በለጠ። በመጨረሻ፣ ከሁሉም ቀድሞ እዚህ የነበረው ድንጋዩ ስለሆነ እሱ ይመስክር ተባለና ከየቤቱ ግድግዳ ቁራጭ ድንጋይ እየተወሰደ ተለካ።

የገደሉ ድንጋይ ድሮ፣ ሰው ሳይኖር፣ የባሕር ወለል ጭቃ ነበር። በጭቃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይኖሩ ነበር፤ በሆዳቸው ውስጥ፣ በክር እንደተሰካ ዶቃ፣ ደቃቅ ማግኔት ደርድረው በእሱ እየተመሩ ይዋኙ ነበር። ሲሞቱ ዶቃው የዘመኑን ሰሜን እንዳመለከተ በጭቃው ውስጥ ይቀራል። ጭቃው ድንጋይ ሲሆን ሰሜኑንም ይዞ ይደርቃል። እዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ ቀብር ነው። በድንጋዩ ላይ ሌላ ድንጋይ ይከመርበታል፤ በዚያ ላይ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ይፈስበታል። ከሥር ያለው ይታመቃል፣ ይሞቃል። የድሮው ዶቃ ይሟሟል፤ በፈንታው ከጭቃው ውስጥ አዲስ ማግኔት ይበቅላል። አዲሱ ስለ ባሕሩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው በተቀበረበት ዘመን የነበረውን ሰሜን ብቻ ነው። እንግዲህ የባሕሩን ሰሜን የያዘው ድንጋይ «ጥሬ» ተባለ፤ የቀብሩን የያዘው «ብስል»። በድንጋዩ ውስጥ የሚኖረውም ሰው እንደ ድንጋዩ፤ የላይ እርከኑ ጥሬና ነባር፣ የታቹ ብስልና መጤ።

ከዚያ ቋንቋው ተገለበጠ። ድሮ ሰውን «ብስል» ማለት ማመስገን፣ «ጥሬ» ማለት ማንቋሸሽ እንደነበር የሚያስታውሱ አሮጊቶች አሉ፤ ማንም አይጠይቃቸውም። ዛሬ «ጥሬ ሰው ነው» ከተባለ ተነሥተው ወንበር ይለቁለታል። የላይ እርከን ሸንጎ ሰብሳቢ አቶ ጥሩነህ አድረው ሲነሡ አቶ ጥሬነህ ሆነው ተገኙ። ከሠርግ ድግስ ወጥ ቀረ፤ ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ጎመን፣ ለሽማግሌዎች ደግሞ፣ ጥርስ ይኑራቸው አይኑራቸው፣ የተዘፈዘፈ ገብስ ይቀርባል። ታዲያ ማታ ማታ ሁሉም ጓዳው ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ያበስላል። የሽንኩርቱ ሽታ በመስኮት ሲወጣ ጎረቤት አይሸተውም፤ የእሱም ሽንኩርት እሳት ላይ ነዋ።

ከስድብ ሁሉ የከፋው «ንፍሮ» የሚለው ነው። ንፍሮ ተቀቅሎ የሚቀርበው ለለቅሶ ነው። በቀብር የበሰለን ሰው ለመስደብ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

ጥሬውንና ብስሉን የሚለየውን መስመር እንዲያሰምር ከዋና ከተማ አንድ የሥነ ምድር ዶክተር ተጠርቶ ነበር። ድንጋዩን በምድጃ እያሞቀ፣ እያቀዘቀዘ፣ እየለካ ከረመና አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ «በዚህ ገደል ጥሬ የሚባል ድንጋይ የለም» አለ። «ሁሉም ተቀብሮ ያውቃል። የታችኛው በጥልቀት ስለተቀበረ ፈልቷል፤ የላይኛው ለብ ብሏል። የባሕር ሰሜን የምትሉትም የባሕሩ አይደለም፤ የባሕሩና የቀብሩ ቅልቅል ነው።» ሕዝቡ አጨበጨበለት። ጥሬ ሥጋ ጋበዘው፤ ጋቢ ሸለመው። በማግስቱ በድምፅ ማጉያው፣ «ዶክተሩ በሁለቱ እርከኖች መካከል ልዩነት መኖሩን አረጋገጡ» ተባለ። ያነበበው ቢልልኝ ነው። መስመሩም ከምንጩ ተነሥቶ፣ እየተጠማዘዘ፣ እስከ አቶ ጥሬነህ የጓሮ አጥር መጣና እዚያ ላይ ደከመው። ጥሬው ሰሜን ሲለካ ደግሞ በሕዝብ መጸዳጃው በኩል አለፈ። መጸዳጃው ተነሣ፤ ሰሜን ግን እዚያው ነው፣ ከነሽታው።

ከሕጎቹ ሁሉ የከበደው የሙታኑ ነበር። ቀብር ድንጋይን ካበሰለ ሰውን አይምርም ተባለ። ስለዚህ ጥሬ ሰው አፈር አይገባም። በእርከኑ ጫፍ «መካነ ጥሬ» የሚባል አዳራሽ ተቦረቦረ። ግድግዳው እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ሟች በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ በቀዳዳው ይገባል፤ ቀዝቃዛ አየር ይለቀቅበታል፤ የብረት መዝጊያው በኤሌክትሪክ ማግኔት ጥርቅም ብሎ ይያዛል። ማግኔቶቹ ቀን ከሌት እምምም ይላሉ። ሕዝቡ ይህን ድምፅ «የጥሬዎች ትንፋሽ» ብሎታል። ቄሱ ስለ አፈር የሚለውን ጸሎት ስለ መደርደሪያ አድርገው እንዲያነቡ ሲለመኑ፣ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ታች እርከን ወረዱና በዚያው ቀሩ። ከጥሬ ቤተሰብ አንድ ሰው አፈር ከገባ ቤተሰቡ በሙሉ በሰለ ማለት ነው። ቤቱን ያስረክባል። ወደ ታች ይወርዳል። የላይ እርከን ሰው ታጥቦ የጨረሰበትን ውኃ ይጠጣል።

የቢልልኝ ጣጣ እናቱ ነበረች።

ወይዘሮ ይፍቱሥራ በጉልበቷ ዘመን የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነበረች። ገደሉን የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ስታሽከረክር ኖራ፣ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ከቦቴዋ ውስጥ ረጅሙን የጋቢና ወንበር ብቻ ነቅላ ቤቷ አስገባች። ቀን ትቀመጥበታለች፤ ማታ ትተኛበታለች። ልጇ ማለዳ ማለዳ ሲያነብ እሷ ብቻ አትወጣም። እግሬን አሞኛል ትላለች። ምላሷን ግን አሟት አያውቅም።

«አንተ ልጅ» አለችው አንድ ቀን።

«አቤት እማ።»

«ስሞት እንደ ቲማቲም ድልህ ጣሳ መደርደሪያ ላይ እንዳታስቀምጠኝ።»

«እማ፣ ደግሞ ጀመርሽ! ጥሬ ሰው ነሽ እኮ!»

«ማነው ጥሬ? ዕድሜዬን ሙሉ የቦቴ ሞተር አጠገብ ተቀምጬ የበሰልኩ ሴትዮ ነኝ።»

«ቀስ በይ እንጂ! ይሰማል!»

«ይሰማ! ቢሰማ ምን ይሆናል፣ ሰሜን ይሸሻል?» ሣቋ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያልፍላት ወንበሩን ይዛ ቆየች። «አባትህ ታች በስሏል። እኔም አጠገቡ ልብሰል። ሌላ የምለምንህ የለኝም።»

አባቱ የሞተው ሕጉ ሳይወጣ ነው። የተቀበረው በታች እርከን ነው። በሸንጎው ዘንድ ጉዳዩ «ከሕጉ በፊት የተፈጸመ ስሕተት» ተብሎ ታልፏል። ቢልልኝ ስለ አባቱ ሲጠየቅ፣ «ለጊዜው እዚህ የሉም» ነው የሚለው።

እናቱ ከዚያ በኋላ ነገሩን አልደገመችውም። ግን ማታ ማታ በሩን ሲዘጋ ወንበሩ ላይ ሆና ታየዋለች። ያ ነው የከበደው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። መካነ ጥሬ ካስገባት የመጨረሻ ልመናዋን በላ። አፈር ካስገባት ቤቱን፣ ምንጩን፣ ከሁሉ በላይ ማይክሮፎኑን ያጣል። ማይክሮፎን የሌለው ቢልልኝ ምን እንደሚመስል እሱ ራሱ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም።

ሞተች። በበጋው እኩሌታ፣ ከምሳ በኋላ፣ ውኃ አምጣልኝ ብላው ብርጭቆውን ይዞ ሲመለስ።

ቢልልኝ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አለቀሰ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከልቡ። ከዚያ ፊቱን ታጠበና አቶ ጥሬነህ ዘንድ ሄዶ አረዳ።

«ሰሜናቸው ይጽና!» አሉ አቶ ጥሬነህ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ትልቅ ጥሬ ሴት ነበሩ። ነገ ከሰዓት በኋላ በክብር እናስገባቸዋለን። ጠዋት መቼም ረጅሙን ታነብላቸዋለህ?»

ረጅሙ ንባብ የቢልልኝ ኩራት ነው። የዘወትሩ ማስታወቂያ ባንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ግን በማግስቱ ማለዳ ረጅሙ እንዲነበብለት ይጠይቃል። ያልጠየቀ ሐዘንተኛ የለም። አቶ ጥሬነህ አባታቸው ሲሞቱ፣ «የቻልከውን ያህል አስረዝመው» ብለውታል። ጎረቤቱ ወይዘሮ አትክልት ባሏ የሞተ ጊዜ እጁን ይዛ፣ «እባክህ ቀስ ብለህ፣ ቀስ ብለህ አንብብልኝ» ብላ አልቅሳለች። ቢልልኝ ሕዝቡ በሐዘኑ ሰዓት ድምፁን የሚሻበትን ምክንያት ብዙ አልመረመረም። ድምፁን ያውቀዋል።

ከሰብሳቢው ቤት ሲወጣ እግሩ ወደ ቤት አልሄደም። የታችኛውን ድምፅ ማጉያ ልፈትሽ ነው ብሎ ለመንገዱ በር ጠባቂ ነገረና ጠመዝማዛውን መንገድ ወረደ። እየወረደ ንቀቱን ሊያነሣ ሞከረ፤ ሁልጊዜ እዚህ መንገድ ላይ ያግዘው ነበር። ዛሬ ከቤት አልወጣም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ድሮ የእናቱ ቦቴ ረዳት ነበረች። አሁን በታች እርከን ከመቃብሩ አጠገብ ትኖራለች፤ ከቄሱ ጋር ሆና መቃብሩንም የምትጠብቀው እሷ ናት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ስንዴና ባቄላ ስትለቅም አገኛት። አየችው። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ይፍቱ?»

ራሱን ነቀነቀ።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «አባትህ ጎን ያለውን ቦታ ይዤላታለሁ» አለች። «ስንቱ ሲጠይቀኝ የሰው ነው ብዬ።»

ቢልልኝ አፉን ከፈተ። መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ስለ ልጅ ግዴታ፣ ስለ ልዩ ሁኔታ፣ ስለ ምሥጢር። አንዱንም ሳይጠቀምበት ቀረ።

«እትዬ፣ ሰው ካየ አለቀልኝ።»

«ማን ያያል? በንባብህ ሰዓት እኔና የወንድሜ ልጅ በጓሮ እንገባለን። ሁሉም ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ዓይኑን ጨፍኗል። በር ጠባቂውም በሩን ክፍት ትቶ ቆሟል። ብቻ ረጅሙን አንብብ። በአጭሩ አይሆንም፣ ጠመዝማዛው ላይ ሳለን ያልቅብናል።»

«ረጅሙን እንዴት አወቅሽው?»

ቀና ብላ አየችው። ልትናገር አስባ ተወችው።

«እዚህም ይሰማል እኮ ልጄ» አለች።

ዝናው ታች እርከን ድረስ መውረዱ፣ በሐዘን ውስጥም ሆኖ፣ ትንሽ ደስ አሰኘው።

እናቱን በአቡጀዲ ጠቀለላት። የቦቴውንም ወንበር በሌላ አቡጀዲ ጠቀለለው። ወንበሩ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ መካከሉ በመቀመጫ ብዛት ጎድጉዷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው እናትና ልጅ ይመስላሉ። ይህን ብታይ ምን ብላ እንደምትስቅበት ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሕዝቡ ወጣ። ፊቱን ወደ ቀድሞው መጸዳጃ፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አደረገ። ቢልልኝ ከሕዝቡ ፊት ለፊት ካለው ሰገነት ላይ ወጣ። ማስታወቂያውን በቃሉ ስለሚያውቀው እሱም ሁልጊዜ የሚያነበው ዓይኑን ከሁሉም አብልጦ ጨፍኖ ነው።

«ለክቡራንና ክቡራት የላይ እርከን ነዋሪዎች በሙሉ! ሰሜናችን ትናንት በነበረበት ይገኛል! ደቡባችንም፣ ከሰሜናችን በተቃራኒ፣ በቦታው ይገኛል! ምሥራቅ ፀሐይ በወጣችበት በኩል መሆኑ ዛሬም ተረጋግጧል! ምዕራብን በተመለከተ እስከ ማምሻው ድረስ ክትትሉ ይቀጥላል!»

በሹመት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። ከተጨፈነው ሕዝብ ጀርባ ሁለት ሰዎች ነጭ ነገር ተሸክመው መንገዱን ይወርዳሉ። ፊተኛዋ እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ፣ ያለ ምንም መደናቀፍ፣ ጭነቱን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ አዛወሩት። የለመዱት ሥራ ይመስላል።

ድምፁ ሊሰበር ሲል አራዘመው። ላይና ታችንም ጨመረ። «ላያችን ከላይ ነው! ታችም...» እዚያ ላይ ቆመ፤ በጽሑፉ ውስጥ ታች የሚል የለም። «ታችም በቦታው ነው!» አለ፤ ነጩ ነገር ከመታጠፊያው ኋላ ጠፋ።

ዓይኑን ወደ ሕዝቡ ሲመልስ ሁለት የተገለጡ ዓይኖች ተቀበሉት። ወይዘሮ አትክልት ናት። አየችው። ማየቱን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ቢልልኝ እንዴት እንዳሳለፈው አያስታውስም። ምንጩ ቤቱ ሥር ሲንኮረኮር ይሰማዋል፤ እየተሰናበተው ይመስለዋል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሸንጎው መጣ ይላል፤ የሚመጣው የተዘፈዘፈ ገብስ የያዘ አስተዛዛኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ መካነ ጥሬ በሰው ተሞላ። ነጭ አምፖሎች በርተዋል። የተዘጉት የብረት በሮች ከወለል እስከ ጣሪያ ይብለጨለጫሉ፤ እምምም ይላሉ። በየበሩ ላይ የሟች ስም ተቀርጿል። ሰዎች የየራሳቸውን በር እየተሳለሙ ቆሙ። የሌላውን በር ማየት ነውር ነው፤ አስከሬን ሲገባም ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ይዞራል። ለክብር ነው ይባላል።

አቶ ጥሬነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ ይፍቱሥራ» አሉ፣ «ጥሬ ተወልደው፣ ጥሬ ኖረው፣ ጥሬ አርፈዋል። እንደ እነዚያ እንደ...» ወደ ታች በአገጫቸው ጠቆሙ፣ «እንደ ንፍሮዎቹ አፈር ሊነካቸው አይችልም። አባቴ እዚህ ናቸው» የአባታቸውን በር መታ መታ አደረጉት፣ «ጎረቤታቸው ይሆናሉ።»

ወይዘሮ አትክልት ወደ ቢልልኝ ተጠጋች።

«የዛሬው ንባብህ» አለችው በሹክሹክታ።

«ም... ምን ሆነ?»

«ረዘመ።» ወለሉን አየች። «ለባለቤቴም እንዲሁ አርዝመህልኝ ነበር። ሳላመሰግንህ ቀረሁ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው ተሸካሚዎቹ ጥቅሉን አነሡ። ወንበሩ ሲነሣ ከውስጡ አንድ አሮጌ ሞላ ለቀቀና ጢይይዝ አለ። ድምፁ አዳራሹን ዞረ።

«ምንድነው?» አሉ አቶ ጥሬነህ።

«አጥንቷ ነው» አለ ቢልልኝ። ከአፉ እንዴት እንደወጣ አያውቅም።

አቶ ጥሬነህ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሬ አጥንት!» አሉ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ተንከትክቶ ሊስቅ ሲል ያሳለ መሰለ። ጥቅሉ በቀዳዳው ገባ። መዝጊያው ተገጠመ። ማግኔቱ ጥርቅም ብሎ ያዘው፤ እምምም የሚለው ድምፁ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ። ቢልልኝ ተነፈሰ። ቤቱ ተረፈ፤ ማይክሮፎኑም። እናቱ ታች ናት። ሕዝቡ ለመጨረሻው ጸጥታ ወደ ሰሜን እንደዞረ ነበር።

መብራት ሄደ።

እንደማንኛውም ቀን ነው የሄደው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ምክንያት፤ ዛሬ ግን የአዳራሹ መጠባበቂያ ጄኔሬተር አልተነሣም። አምፖሎቹ ጠፉ፤ ከመግቢያው የቀን ብርሃን ብቻ ቀረ። እምምም ማለቱ ቆመ። ያንን ድምፅ አዳራሹ ከተቦረቦረ ጀምሮ ቆሞ የሰማው ሰው ስላልነበረ፣ ጸጥታው ራሱ እንደ ጩኸት ጆሮ ሞላ። ከዚያ ከበስተኋላቸው ቋ አለ። ደግሞ ቋ። ደግሞ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ የሚይዛቸው ማግኔት የሌላቸው መዝጊያዎች በየተራ ወደ ውጭ ተዘረገፉ።

መጀመሪያ ማንም አልዞረም። የሌላውን በር ማየት ነውር ነው። ግን ሁሉም የየራሱ በር መከፈቱን አወቀ፤ የየራሱን ለመሸፈን በአንድ ጊዜ፣ እንደ አንድ ሰው፣ ዞረ።

አብዛኞቹ ቀዳዳዎች ከተጠቀለለ አቡጀዲ በቀር ባዶ ነበሩ። በአንዱ ውስጥ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ግንድ ነበር፤ ጨርቁ ተበልቶ ቅርፊቱ ይታያል። በሌላው ፍራሽ። በወይዘሮ አትክልት ባል ቀዳዳ ውስጥ የመኪና ጎማ ነበር። ወይዘሮ አትክልት ሁለት እጇን ዘርግታ ፊቱ ቆማለች፤ ከበስተጎኗ በሚገባ ይታያል። የሸንጎው ጸሐፊ የእህቱን ባዶ ቀዳዳ በኮፍያው ሊከልል ይታገላል። በአቶ ጥሬነህ አባት ቦታ በእርጥበት ድንጋይ የሆኑ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ተጋድመዋል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በእሳት ተጠብሶ ነው፤ በከተማው ውስጥ ከዚያ ይበልጥ የበሰለ ድንጋይ የለም።

አንድም አስከሬን አልነበረም።

ቢልልኝ ከግድግዳ ግድግዳ ተመለከተ። እያንዳንዱ ባዶ ቀዳዳ አንድ ረጅም ንባብ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሚያምረው ድምፁ፣ የላይ እርከንን ሙታን በሙሉ አንድ በአንድ ወደ ታች ሸኝቷል።

ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም ብቻውን የሠራው ይመስለው የነበረውን ነገር ሁሉም ሠርቶታል፤ አሁን ይህን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም። ከመካከል አንድ ድምፅ፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለ።

«ሄደ» አሉ አቶ ጥሬነህ።

የመንገዱ በርም የሚዘጋው በማግኔት ነበር፤ እሱም ተከፍቷል። እትዬ ማንጠግቦሽ ማንም ሳያስቆማት፣ በጨርቅ የተሸፈነ ድስት ታቅፋ፣ እያለከለከች ገባች። የመጣችው ለወዳጇ ልጅ ነው፤ ደጅ ላይ ልትጠብቀው አስባ ነበር። የተዘረገፉትን በሮች አየች። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የተቀረጹትን ስሞች እንደ ጎረቤቶቿ ስም እያነበበች አየቻቸው።

«እግዜር ያጥናህ» አለችው ቢልልኝን። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሁላችሁንም ያጥናችሁ። ጊዜው ቢያልፍም።»

ድስቱን ከፈተች። የንፍሮው እንፋሎት ወጣ፤ ስንዴና ባቄላ፣ ሽምብራም አለበት። የላይ እርከን ሰው ከጠዋት ጀምሮ የተዘፈዘፈ ገብስ ሲያኝክ ነው የዋለው። በጭልፋ እየጨለፈች ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች፤ ቢልልኝ መዳፉን ዘረጋ፣ ወይዘሮ አትክልት ዘረጋች፣ ጸሐፊው ኮፍያውን ገልብጦ ዘረጋ። አቶ ጥሬነህ ዘንድ ስትደርስ አዳራሹ ማኘኩን አቆመ።

አቶ ጥሬነህ መዳፋቸውን ዘረጉ። አላመጡ። ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

«የአባትህም ጊዜ እንዲሁ ነው ያልከኝ» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ።

ጥሬነህም መዳፉን እንደገና ዘረጋ።